አጭር ፀጉር ላይ ሹሩባ፦ ግንባሬ ሳስቷል፣ ምን ልሠራ?

ሰባት ሳንቲሜትር፣ ጥቅምት 12

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከዳር ሆኜ የማነብ እንጂ የማልጽፍ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ግን ቸግሮኝ መጣሁ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፀጉሬን በሪላክሰር እያለሰለስኩ፣ በየሳምንቱ ካስክ ሥር እየተቀመጥኩ ኖርኩ። ባለፈው ሰኔ የለሰለሰውን በሙሉ ቆርጬ ጣልኩት። አሁን ያለኝ ፀጉር የራሴ ነው። ሳብ አድርጌ በማስመሪያ ስለካው ሰባት ሳንቲሜትር ሆነ፤ ስሜም ከዚያ የመጣ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሰፈራችን ወዳለ አንድ ፀጉር ቤት ሄጄ እስከ አገጭ የሚደርስ ስስ ሹሩባ በዊግ ተሠራሁ። ልጅቷ እጇ ፈጣን ነው፤ ሥራዋም ሲያዩት ያምራል። "ፀጉርሽ አጭር ስለሆነ ካልጠበቀ ያመልጣል" እያለች ስትስበው እንባዬ መጣ። "ነገ ይለምዳል" አለችኝ። ማታ ራሴን ትራስ ላይ ማሳረፍ አቃተኝ። ቅንድቤ ወደ ላይ ተስቦ ስለነበር ታናሽ ወንድሜ ራት ላይ "ምን ሰምተሽ ነው እንዲህ የተገረምሽው?" አለኝ። ሳቄ ሲመጣ ደግሞ ሳቁ ራሱ አመመኝ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነሥቼ በስልኬ መብራት አንድ በአንድ ፈታሁት። ሲነጋ በመስታወት ሳየው ከግራ ጆሮዬ በላይ፣ ፀጉሩ የሚጀምርበት መስመር ላይ፣ ጫፋቸው የነጣ ትንንሽ ብጉሮች ወጥተዋል። ድሮም ሳስቶ የነበረ ቦታ ነው።

ታላቅ እህቴ ጥር ላይ ትዳራለች፤ ሚዜዋ ነኝ። እስከዚያ ካውያ ማስነካት አልፈልግም። በዚህ ቁመት ፀጉርን የሚጠብቅ እንጂ የማይነቅል ሹሩባ የቱ ነው? በዊግ ይሻላል ወይስ በራሴ ፀጉር ብቻ? እንዴትስ ይታጠባል? እናቴ እንደሆነች "ለጋ ቅቤ ተቀቢና ዝም በይ" ብላ ዘግታዋለች።

የሚዶ ጥርስ፣ ጥቅምት 12

አይዞሽ እህቴ። 19 ዓመት ሹሩባ ስሠራ ኖሬአለሁ፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት ለሁለት ሳምንት ምንም አትሠሪ። ብጉሩ እስኪጠፋ ድረስ ጄልም፣ ቅባትም፣ ላስቲክም እዚያ ቦታ አይድረስ።

"አጭር ስለሆነ ካልጠበቀ ያመልጣል" የሚለው አባባል የሙያችን ትልቁ ውሸት ነው። አጭር ፀጉር የሚያመልጠው ክፍፍሉ ሲቀጥን ነው። ሰባት ሳንቲሜትር ፀጉር እንደ ጤፍ አገዳ በቀጠነ ጉንጉን ውስጥ ሲገባ ሠሪዋ በጣቷ የምትይዘው ነገር ያንሳታል፤ ያኔ ከሥሩ መሳብ ትጀምራለች። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ክፍፍል ብትወስድ ፀጉሩ እርስ በርሱ ይያያዝና መሳብ የሚባል ነገር አያስፈልግም። ሰው አጭር ሹሩባ ሁሉ ቀላል ይመስለዋል። ርዝመቱ ሲያጥር ክብደቱ መቀነሱ እውነት ነው። ነገር ግን ፀጉር የሚነቅለው ክብደት ብቻ አይደለም፤ የሠሪዋ ጉልበትም አለ። አጭር ፀጉር ላይ ጉዳቱ የሚመጣው በአብዛኛው በዚህ በኩል ነው።

እኔ ዘንድ ብትቀመጪ በራስሽ ፀጉር ብቻ፣ ያለ ዊግ፣ ከግንባር ወደ ማጅራት የሚወርድ ስምንት ወይም ዘጠኝ ወፍራም ሹሩባ እሠራልሽ ነበር። ቆዳ ላይ ተኝቶ የሚሄድ ሹሩባ በየመንገዱ ከሥር አዲስ ፀጉር እያነሣ ስለሚጨምር አጭሩንም አይጥልም። ማጅራት ላይ የሚተርፈውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፌ በማስያዣ አስቀረዋለሁ። ግንባር ላይ ግን አንድ ጣት የሚያህል ፀጉር ከሹሩባው ውጭ እተዋለሁ። ደንበኞቼ ይህን አይወዱልኝም፤ "አልተጨረሰም እኮ" ይሉኛል። የግንባር ዳር ፀጉር ከሁሉ ይቀጥናል፤ የአንቺ ደግሞ ታሟል።

ዊግ ካማረሽ ቋጠሮ የሌለውን አሠራር ጠይቂ። በተለመደው አሠራር ዊጉ ከሥር ይቋጠራል፤ ያ ቋጠሮ ቀንም ሌትም ቆዳሽ ላይ ተንጠልጥሎ ይከርማል። ቋጠሮ የሌለው ግን በራስሽ ፀጉር ይጀምርና ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ከወረደ በኋላ ዊጉ በጥቂት በጥቂቱ ይገባበታል። ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ለእሱ ደግሞ ፀጉርሽ ገና ነው፤ አሥር ሳንቲሜትር ሲሞላ እንነጋገራለን።

አንድ ነገር ልጨምር። እርጥብ ፀጉርሽን እንዳትሠሪው። እርጥብ ፀጉር ይለጠጣል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ወንበር ላይ ልክ የነበረው ሹሩባ ማታ የሚያንቅሽ ለዚህ ነው።

ቶና፣ ጥቅምት 12

ወንድምሽ ይመቸው! እኔ እንዲያ ተጠፍሬ በማግሥቱ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ያለቅሳል፤ እኔ ቅንድቤ ተሰቅሎ የምሥራች የሰማሁ መስዬ ተቀምጫለሁ። የሟች አክስት እስከ ዛሬ አታናግረኝም።

ነጭ ጋዋን፣ ጥቅምት 13

የቆዳ ሕክምና ክፍል ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። የሚዶ ጥርስ ያለችውን ሁሉ እደግፋለሁ።

በመሳብ ብዛት የሚመጣ የፀጉር መሳሳት በሕክምና ጽሑፎች ሲታወቅ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1907 እ.ኤ.አ. የተጻፈው የግሪንላንድ ሴቶችን የሚመለከት ነበር፤ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ አጥብቀው በጭራ ስለሚያስሩ ግንባራቸው ሳስቶ ነበር። ስለዚህ ሹሩባን ለብቻው አንክሰሰው። በየቀኑ በላስቲክ ተጠፍሮ የሚታሰር ጭራም ያው ሥራ ይሠራል።

ይህ ነገር ሁለት ዕድሜ አለው። በመጀመሪያው መሳቡ ከተተወ ፀጉሩ በወራት ውስጥ ይመለሳል። ለዓመታት ከቀጠለ ግን የፀጉሩ መውጫ ጠባሳ ይሆናል፤ ቆዳው ለስልሶ ያብረቀርቃል፣ ቀዳዳዎቹ አይታዩም። ከዚያ በኋላ ቅባትም ሆነ ሹሩባ አይመልሰውም። ቶሎ የሚታዩት ምልክቶች አንቺ የጻፍሻቸው ናቸው፦ ሕመም፣ ብጉር፣ በየጉንጉኑ ሥር ቆዳው እንደ ድንኳን ከፍ ብሎ መነሣት። ተሠርታ ስትመለስ ማስታገሻ የምትውጥ ሴት መፍታት የነበረባትን ነገር ነው በመድኃኒት የምታስታምመው። በሪላክሰር የለሰለሰ ፀጉር ላይ ደግሞ አደጋው ይብሳል፤ ፀጉሩ አስቀድሞ ደክሟልና።

ብጉሩ በሳምንት ውስጥ ካልጠፋ፣ ፈሳሽ ከያዘ ወይም ማጅራትሽ ላይ እጢ ካበጠ ሐኪም ይየው። አዲስ አበባ ካለሽ አለርት ሆስፒታል ትልቅ የቆዳ ሕክምና ክፍል አለው።

ሰባት ሳንቲሜትር፣ ጥቅምት 13

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ቶና፣ ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት፤ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ተጋለጥኩ።

አንድ ያልጻፍኩት ነገር አለ። ስፈታው እጄ ላይ የቀረው ፀጉር አስደነገጠኝ። ይህ ሁሉ የተነቀለ ነው?

የሚዶ ጥርስ፣ ጥቅምት 13

ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግተሽ እዪው። አንድ ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ ያለበት ፀጉር ከነሥሩ የወጣ ነው፤ በራሱ የረገፈም ተነቅሎ የወጣም ሊሆን ይችላል። ነጥብ የሌለው፣ አጭርና ቁርጥራጩ መንገድ ላይ የተሰበረ ነው። ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር በተፈጥሮው ይጥላል። ሹሩባ ላይ ስትሆኚ የረገፈው መሄጃ አጥቶ እዚያው ይቀመጣል። አምስት ሳምንት ቆይቶ በተፈታ ሹሩባ ከ1,750 እስከ 3,500 ፀጉር ቢወርድ ዕለት ዕለት ትጥይው የነበረው ተጠራቅሞ ነው። የአንቺ ግን የአንድ ሌሊት ነው። ብዙ ነጭ ነጥብ ካየሽበት ተነቅሏል ማለት ነው።

የላስታዋ አያት፣ ጥቅምት 14

ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። አሳጥሪ ብትለኝም አላሳጥርም።

ልጄ፣ በእኛ አገር ነሐሴ 16 አሸንድዬ ሲደርስ ልጃገረድ ሁሉ ሹሩባ ትሠራለች። ሰቆጣ ሻደይ ይሉታል፤ ቆቦ ሶለል፤ ትግራይ አሸንዳ። እናቴ ጉልበቷ መካከል አስቀምጣ፣ ራሴን ጭኗ ላይ አጋድማ ትሠራኝ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ሳያልቅ እንቅልፍ ይወስደኛል። የሚያም ነገር ቢሆን ልጅ ይተኛል? ዛሬ ወንበር ላይ ቀጥ አድርገው አስቀምጠው፣ እግራቸውን ከወንበሩ ሥር ተክለው፣ በቅሎ እንደሚጭን ሰው ይስባሉ።

ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሹሩባ አልነበረም። የልጆች ፀጉር ይላጭና ቁንጮ ይተዋል፤ ለልጃገረዷ ጋሜ፣ መሃል አናቷ ተላጭቶ ዙሪያው ብቻ ይቀራል። ፀጉር እንደ መሬት ነው፤ ጾም ያድራል። ቅቤም እንቀባ ነበር፤ ለጋ፣ የዕለት። አናት ላይ ይደረግና ፀሐይ ላይ ይቀመጣል፤ ይቀልጥና ወደ ማጅራት ይወርዳል። እናትሽ እውነቷን ነው።

ጥቁር አዝሙድ፣ ጥቅምት 14

እማማ፣ የሹሩባውን ነገር እንዳሉት ነው። በቅቤው ላይ ግን በአክብሮት ልቃወምዎት።

ባለፈው ክረምት ቅቤ ተቀብቼ በላዩ ሹሩባ ተሠራሁ። በሦስተኛው ቀን ታክሲ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው መስኮት ከፈተ። ዝናብ እየዘነበ ነው እንግዲህ! በሁለተኛው ሳምንት ሹሩባው ሥር ያለው ቅባት አቧራውን ይዞ ግራጫ ሆነ፤ ፎሮፎሬም ተነሣ። ሐኪሙ የነገረኝ ፎሮፎር የሚያስነሣው ፈንገስ ቅባት የሚመገብ መሆኑን ነው። ፎሮፎር ላለበት ሰው ቅቤ መቀባት እሱን መቀለብ ነው።

የላስታዋ አያት፣ ጥቅምት 14

ያ ሰው መስኮት የከፈተው ቅቤው ስለከረመ ነው። የከረመውን ለወጥ ይተዉታል፤ ለራስ ለጋው ነው።

የሚዶ ጥርስ፣ ጥቅምት 15

እማማ፣ የእርስዎ ቅቤ ከጓዳዎ የወጣ ነው፤ የከተማ ልጅ የምትገዛው ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም።

ደንበኞቼን የማስታርቀው እንዲህ ነው፦ ቅቤ የምትወድ ከሹሩባው በፊት ባለው ሌሊት ትቀባ፤ ሻሽ አስራ ትተኛ፤ ጠዋት በሻምፖ በደንብ ታጥባው ትምጣ። ቅቤ ፀጉሩን ከላይ ይሸፍነዋል፣ እርጥበቱ ቶሎ እንዳይወጣ ያደርጋል፤ ሥራው ይኸው ነው፣ ቀላልም አይደለም፣ በተለይ እንደ አሁኑ ነፋሻ በሆነው በጋ። ሹሩባ ከተሠራ በኋላ ግን ሁለት ሦስት ጠብታ ቀላል ዘይት በጣት ጫፍ፣ ከቆዳው ይልቅ ፀጉሩ ላይ። ጉሎ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ብቻውን አትጠቀሙበት። ጄል ከፈለጋችሁ ተልባ አፍልታችሁ በስስ ጨርቅ አጥሉት፤ ዝልግልጉ ለአጭር ፀጉር ይበቃል። ቶሎ ስለሚበላሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡት፤ ከሳምንት በላይ አይቆይ።

የዓርብ እረፍት፣ ጥቅምት 16

ከጅዳ ነኝ፤ ሰው ቤት ተቀጥሬ ነው የምሠራው። ሠሪ የለኝም፤ ቀኑን ሙሉም ራሴን ተሸፍኜ ስለምውል ሹሩባ ባይኖር ፀጉሬ አልቆ ነበር። በራሴ እጅ ስድስት ወፍራም ሹሩባ እሠራለሁ። ጀርባው አይታየኝም፤ ጣቴ ያየዋል። ጠማማ ይሆናል፤ ማን ያየዋል?

የተማርኩት ሁለት ነገር ነው። የጥጥ ሻሽ ግንባር ላይ ሲታሰር የዳሩን ፀጉር እየፈተገ ይጨርሰዋል። አሁን ከሥሩ ከአሮጌ የሳቲን ቀሚስ የቀደድኩትን ጨርቅ አስራለሁ፤ ስተኛም አላወልቀው። ሌላው፣ እርጥብ ሹሩባ ላይ ሻሽ ማሰር ነው። አንድ ጊዜ ሌሊት ታጥቤ ሳይደርቅ ሸፍኜው ሥራ ገባሁ፤ በሦስተኛው ቀን የሸተተኝን ነገር አልነግራችሁም። ሐሙስ ማታ ታጥቤ ዓርብ ተገልጦ ነው የሚውለው። ስሜን ያወጣሁት ከዚያ ነው።

ጎፈሬ፣ ጥቅምት 18

ወንድ ብሆንም ልግባ። ፀጉሬ ስምንት ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ አሥር ሹሩባ ተሠርቼ ሰኞ ቢሮ ገባሁ። አለቃዬ "ይህ መሥሪያ ቤት ነው" ብለው አስፈቱኝ። ግድግዳቸው ላይ ምን ተሰቅሏል መሰላችሁ? የዐፄ ቴዎድሮስ ሥዕል! ከነሹሩባቸው!

ሜሪላንድ፣ ጥቅምት 18

ወንድሜ ጎፈሬ፣ የዐፄ ዮሐንስን ፎቶግራፍም አሳያቸው። ከቴዎድሮስ ራስ ላይ በመቅደላ የተቆረጠው የፀጉር ዘለላ እንግሊዝ አገር 150 ዓመት ተቀምጦ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው ለኢትዮጵያ የተመለሰው። ሚኒስትር ተልኮለት የመጣ ፀጉር ነው፤ አለቃህ ሰኞ ጠዋት ያስፈቱታል።

እኔ በምኖርበት ሜሪላንድ በ2020 እ.ኤ.አ. በፀጉር ዓይነትና አሠራር ሠራተኛን ማግለል በሕግ ተከልክሏል፤ ካሊፎርኒያ ቀድማ በ2019 አውጥታዋለች። ሕጉ እስኪወጣ ድረስ ግን እኔም ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስሄድ ሹሩባዬን እየፈታሁ፣ ስመለስ እየተሠራሁ ነበር። በዚያ መመላለስ የሳሳው ግንባሬ ሕጉን አልጠበቀም።

ለባለጉዳይዋ፦ ዊግ ከመሠራትሽ በፊት አቼቶ ጠብ ባደረግሽበት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው። እዚህ የሚሠሩኝ የምዕራብ አፍሪካ ሴቶች ያስተማሩኝ ነው። ከፋብሪካ ሲመጣ የሚቀባበት ነገር አለ፤ ውሃው ላይ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ታዪዋለሽ፤ ብዙ ሰው የሚያሳክከው እሱ ነው። አለቅልቀሽ አንድ ቀን አድርቂው። አጭር ሹሩባ ላይ ደግሞ ጫፉን በላይተር አታቃጥዪ። የተቃጠለው ጫፍ ጠጥሮ አንገትሽን ይቧጥጠዋል። በፈላ ውሃ ቢነከር ይለሰልሳል፤ ትከሻሽ ላይ ወፍራም ፎጣ ይደረግ።

የመንታ እናት፣ ጥቅምት 20

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ሰባት ዓመት የሞላቸው ሴት ልጆች አሉኝ። ለትምህርት ቤት አጭር ሹሩባ በዶቃ እሠራቸዋለሁ። የአንዷ አናት ላይ ክብ ሆኖ የተቆራረጠ ፀጉርና ነጭ ቅርፊት አየሁ። ፎሮፎር መስሎኝ ዘይት ቀባሁት፤ እየሰፋ ነው። ሹሩባው ይሆን?

ነጭ ጋዋን፣ ጥቅምት 20

እህቴ፣ ያልሽው ቆረቆር ይመስላል፤ ልጅ ላይ ፎሮፎር ብዙም የተለመደ አይደለም። ቆረቆር ፈንገስ ነው፤ ሥሩ ውስጥ ስለሚገባ ከላይ በሚቀባ ብቻ አይድንም፤ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል፣ ለሳምንታት። ሐኪም ይየውና ያዝላት። እስከዚያ ሚዶ፣ ሻሽና ትራስ አይጋሩ፤ ሌላዋንም አብረሽ አሳያት። ሹሩባው ይፈታ፤ መድኃኒቱ እስኪያልቅ አይሠራ። ዶቃውን ደግሞ ቀንሺው፤ የሰባት ዓመት ልጅ ፀጉር ቀጭን ነው፤ በሮጠች ቁጥር ዶቃው ይጎትተዋል።

የመንታ እናት፣ ጥቅምት 24

ቆረቆር ነው ተባለ። ሁለቱም ላይ። እግዜር ይስጥልኝ።

ሰባት ሳንቲሜትር፣ ታኅሣሥ 15

ጠፋሁ፤ ነገር ግን የመጣሁት ባዶ እጄን አይደለም።

ብጉሩ በስምንተኛው ቀን ጠፋ። ሁለት ሳምንት አልፎም አልቸኮልኩም። ኅዳር 6 አንዲት ሠሪ ዘንድ ሄድኩ። ከመቀመጤ በፊት "ካመመኝ እናገራለሁ፤ ስናገር የያዝሽውን ትፈቺዋለሽ" አልኳት። ዞር ብላ አየችኝና "አንቺ የተቃጠልሽ ነሽ" አለችኝ። ዘጠኝ ሹሩባ በራሴ ፀጉር፣ ግንባሬ ላይ አንድ ጣት ተትቶ። ሁለት ጊዜ ተናገርኩ፤ ሁለት ጊዜ ፈታች። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ማታ በጎኔ ተኛሁ።

እጥበቱን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉ ያስፈራኝ እሱ ነበር። የውሃ ፕላስቲክ ክዳን ላይ በጋለ መርፌ አራት ቀዳዳ በሳሁ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሻምፖ፣ የቀረውን ለብ ያለ ውሃ። ቀዳዳውን በሹሩባዎቹ መካከል ባለው ፈር ላይ እያስኬድኩ አፈሰስኩና በጣቶቼ ጫፍ ተጫንኩ እንጂ አልፈተግሁም። ብዙ አለቀለቅሁ። የወንድሜን አሮጌ ካናቴራ ጠቅልዬ ጨመቅሁት፤ ፎጣ ፀጉሩን ስለሚይዝ አልጠቀምበትም። ጠዋት ስለታጠብኩ እስከ ቀትር ፀሐዩ አደረቀው። በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ፣ በድምሩ ሁለቴ።

በሦስተኛው ሳምንት ተንጨባረረ። እናቴ "ፍየል ያኘከሽ መስለሻል" አለችኝ። ሁሉንም ልፈታ ነበር፤ የሚዶ ጥርስ በውስጥ መስመር "የፊተኞቹን ሁለት ብቻ አሠሪ" ብላ መከረችኝ። በ37ኛው ቀን ፈታሁት። በሚዶ አልጀመርኩም፤ ውሃና ኮንዲሽነር ረጭቼ ቋጠሮውን በጣቴ አላቀቅሁ፤ ሚዶውን ከጫፍ ወደ ሥር። የወረደውን በሻይ ማስቀመጫ ሰሐን ላይ ሰብስቤ መብራት ሥር አየሁት፦ አብዛኛው ነጭ ነጥብ አለው፤ በ37 ቀን ውስጥ በራሱ የረገፈው ነው፤ ስባሪው ትንሽ ነው።

ከግራ ጆሮዬ በላይ ደግሞ ጥጥ የመሰለ አዲስ ፀጉር ወጥቷል። ሦስት ሚሊሜትር ቢሆን ነው። አምፖል ሥር ካልሆነ አይታይም፤ እኔ ግን በጣቴ አውቀዋለሁ።

ነጭ ጋዋን፣ ታኅሣሥ 15

አዲስ ፀጉር ከወጣ ቀዳዳው አልሞተም። ደስ ብሎኛል። ያንን ቦታ እንዳትጎትቺው፤ ለሠርጉም ቢሆን።

የሚዶ ጥርስ፣ ታኅሣሥ 16

ሁለት ሳምንት አሳርፊው። ሲሠራም ፈሩ ያለፈው ጊዜ በነበረበት አይሁን፤ ትንሽ ፈቀቅ ይበል። አንድ መስመር ላይ ደጋግሞ የተጎተተ ቆዳ ነው መንገድ የሚያወጣው።

ለሠርጉ ሹሩባ አልመክርሽም። በሁለት ዘለላ የሚጠመዘዝ ጥምዝ ይሁንልሽ፤ ከሦስት ዘለላ ይልቅ ይላላል፣ አጭር ፀጉር ላይ ፊት ያሳምራል። ሳምንት ወይም አሥር ቀን እንጂ አይቆይም። የሠርግ ፀጉር ስንት ቀን ሊቆይ ፈለግሽ?

የላስታዋ አያት፣ ታኅሣሥ 17

ቅቤ ሳትቀባ ነው ይህ ሁሉ?

ሰባት ሳንቲሜትር፣ ታኅሣሥ 17

እማማ፣ ከመሠራቴ በፊት ባለው ሌሊት ተቀብቼ ነበር። ጥቁር አዝሙድ እንዳትሰማ።

ሰባት ሳንቲሜትር፣ ጥር 20

ሠርጉ አለፈ። ጥምዝ ተሠራሁ፤ በአንድ ወገን ሰብስቤ በማስያዣ፣ ግራ ጎኔን ለቅቄ። ሙሽራዋ ግን ፀጉሯን ወደ ላይ ጠፍረው፣ በሠላሳ ማስያዣ ወግተው፣ ቬሉን በላዩ ሰክተውባት ነበር። ምሽት ላይ ሁሉም ሲጨፍር እህቴ ጆሮዬ ጋ መጥታ "ቅንድቤ ወርዷል ወይ?" አለችኝ። መልበሻው ክፍል ይዣት ገባሁ፤ ቀሚሷን ሰብስባ መሬት ተቀመጠች፤ በስልኬ መብራት ማስያዣዎቹን እየነቀልኩ ቆጠርኩ። ሠላሳ ሳይሆን አርባ አንድ ነው።

ቶና፣ ጥር 20

ወንድምሽስ ምን አለ?

ሰባት ሳንቲሜትር፣ ጥር 20

"ሙሽራዋ መገረሟን አቆመች" አለ።

የሚዶ ጥርስ፣ ጥር 21

ለካሽው?

ሰባት ሳንቲሜትር፣ ጥር 21

ዘጠኝ ከግማሽ። ጫፉን ስላስተካከልኩት ነው እንጂ አሥር ይሞላ ነበር።

ቶና፣ ጥር 21

እንግዲህ ስምሽ ይቀየር።

ሰባት ሳንቲሜትር፣ ጥር 21

ከጠዋት ጀምሮ እየፈለግሁ ነው። መቀየሪያው የት ነው ያለው?